ዝዋይ አድሮ መምጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ሐዋሳ የሚወርድ ሰው ሁሉ ዝዋይን ያውቃታል። ዓሣ በልቶባታል፣ ቡና ጠጥቶባታል፣ ከዚያ መንገዱን ቀጥሏል። ሐይቁን ግን ያየው ጥቂት ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ መኪናችን ተበላሸና ሳናስበው እዚያው አደርን። በማግስቱ ንጋት ላይ እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ለወዳጅ ዘመድ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ዝዋይ እደሩ። ይህን ስል ጥያቄው ይከተላል። አዘውትሬ የምጠየቀውን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ስሟ ዝዋይ ነው ባቱ?

ሁለቱም። የመንግሥት ስሟ ባቱ ነው፤ ሰሌዳ ላይ የምታገኙት ይህንኑ ነው። በሰው አፍ ግን አሁንም ዝዋይ ናት። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቶቹ «ዝዋይ! ዝዋይ!» እያሉ ሲጣሩ ትሰማላችሁ። ሐይቁ ደግሞ በኦሮምኛ ደምበል ይባላል። ስልካችሁ ላይ ካርታ ስትፈልጉ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ ባሌ ውስጥም ባቱ የሚባል ተራራ አለ። ሐይቁን ካያችሁ ትክክለኛው ቦታ ላይ ናችሁ።

ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ አይሻልም?

በምትፈልጉት ይወሰናል። መዋኘትና አሸዋ ላይ መተኛት ከሆነ የናፈቃችሁ፣ ላንጋኖ ሂዱ። ሰፊ ከተማ፣ ትልልቅ ሆቴል፣ የማታ ሙዚቃ ከሆነ ደግሞ ሐዋሳ አለላችሁ። ዝዋይ ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ዋና መንገድ፣ ከመንገዱ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ወረድ ሲሉ ሐይቁ፣ ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች። ባጃጁ ከዋናው መንገድ ሐይቁ ዳር ለማድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

የዝዋይ ሀብት ሰዉና ሐይቁ አለመለያየታቸው ነው። ዓሣው የሚወጣው ዓይናችሁ እያየ ነው። ደሴቶቹ ላይ የራሱ ቋንቋ ያለው ሕዝብ ይኖራል። ወፉ ሰው አይፈራም። ይህን ሁሉ ለማየት ከአዲስ አበባ የምትርቁት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቅርበቱም ነው ሰው አልፏት እንዲሄድ የሚያደርገው፤ «ሁልጊዜ እደርስባታለሁ» ይላልና።

ቅዳሜና እሁድ ይበቃል?

ይበቃል፤ ቅዳሜ ማታን እዚያው ማደር ግን ግድ ነው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚሄዱ አሉ። እነሱ የሚደርሱት ረፋድ ላይ ነው፣ የሚመለሱት ከሰዓት። ይህ ደግሞ ፀሐዩ የሚከርርበት፣ ወፉ ጥላ የሚይዝበት፣ ነፋሱ የሚነሳበት ሰዓት ነው። የሐይቁ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ረፋዱ 4 ነው። ያንን ለማግኘት እዚያው አልጋ ላይ መንቃት ያስፈልጋል።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሳልቸኩል እነሳለሁ። ለምሳ እደርሳለሁ፣ ትንሽ አርፋለሁ። 10 ሰዓት ሲሆን ሐይቁ ዳር ወርጄ ከጀልባ ሰዎች ጋር ለነገ እነጋገራለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያው ነኝ። ማታ በጊዜ እተኛለሁ። እሁድ ንጋት ላይ ጀልባ ውስጥ ነኝ። ዓርብ ከሥራ በኋላ የመሄድ ሐሳብ ቢመጣባችሁ ተዉት፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

በምን እንሂድ?

የራሳችሁ መኪና ካላችሁ ቀላል ነው። ከቱሉ ዲምቱ የአዳማን ፈጣን መንገድ ትይዛላችሁ፣ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ የሚወስደውን ፈጣን መንገድ ትገባላችሁ፣ እሱ በመቂ በኩል ባቱ ያደርሳችኋል። ከሞጆ ባቱ ያለው ክፍል 93 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክፍያ አለው። ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ተኩል በቂ ነው። ነዳጅ አዲስ አበባ ሞልታችሁ ውጡ፣ ጎማችሁንም አስፈትሹ፤ በሙቀት ላይ ፍጥነት ሲጨመር ያረጀ ጎማ ይፈነዳል።

አሮጌው መንገድ በቆቃና በዓለም ጤና በኩል ነው። ጭነት መኪናና ባጃጅ፣ አህያና ፍየል ይበዛበታል። ስትሄዱ በፈጣኑ ሂዱ። ስትመለሱ ጊዜ ካላችሁና ፀሐይ ካለ ግን አሮጌውን እመርጥላችኋለሁ፤ መቂ አካባቢ መንገድ ዳር ሐብሐቡ፣ ፓፓያው፣ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ተከምሮ ይጠብቃችኋል። ከማሳው የወጣው በዚያው ጠዋት ነው። ፈጣኑ መንገድ ላይ ይህ የለም።

መኪና ከሌላችሁ ቃሊቲ መናኸሪያ ሂዱ። በቀጥታ ዝዋይ የሚል ሚኒባስ ወይም ቅጥቅጥ ታገኛላችሁ። የሻሸመኔና የሐዋሳ መኪኖችም ያወርዷችኋል፤ ሙሉ ሒሳብ ሊጠይቋችሁ ስለሚችሉ ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ። ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው ይጨናነቃል፤ 1 ሰዓት ሳይሞላ መድረስ ነው።

መንገዱ ሰላም ነው?

ይህን ጥያቄ ማንም በዋዛ ሊመልሰው አይገባም፤ ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። በእኔ በኩል ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ከመነሳቴ አንድ ቀን በፊት የማድርበት ሆቴል ደውዬ እጠይቃለሁ። በመስመሩ በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌር አናግራለሁ። በጨለማ አልጓዝም። ዓርብ ማታ አትውጡ ያልኩት ለዚህ ነው። ሾፌሮቹ «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሉ፣ ይቅርባችሁ። ሐይቁ የትም አይሄድም።

የት እንደር?

የሆቴል ስም አልጠራም፤ ባለቤቱም አያያዙም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ምርጫው ሁለት ዓይነት ነው። ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ሆቴሎች ርካሽ ናቸው፣ ግን የጭነት መኪና ጩኸት ሌሊቱን አያስተኛም። ወደ ሐይቁ ወረድ ብለው ያሉት ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ትንኝ ግን ይበዛባቸዋል። እኔ ጸጥታውን መርጬ አጎበር እይዛለሁ።

ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። ስትገቡ ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ ውሃ መምጣቱንና አጎበሩን። አንድ ጊዜ ማታ ደክሞኝ ደርሼ ሳላይ ተኛሁ። አጎበሩ ራስጌው በኩል ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። ሌሊቱን ሙሉ በጥፊ ፊቴን ስመታ ነጋ። አሁን መርፌና ክር ከቦርሳዬ አይጠፋም።

ወባ አለ?

አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ በብዙ ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቱም ለትንኟ ይመቻታል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት፣ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። ሲመሽ እጅጌ ያለው ልብስና ሱሪ ልበሱ። የሚቀባ መከላከያ ያዙ። አጎበር ውስጥ ተኙ። ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ሳምንትም ሆነ ወር ቢያልፍ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ተመርመሩ፣ ዝዋይ እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት። ነፍሰ ጡር ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

መዋኘት ይቻላል?

አይቻልም። ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ በየሳምንቱ ሰው ሲገባ አያለሁና። የዝዋይ ውሃ ቢልሃርዚያ አለበት። በሽታውን የሚያመጣው ትል ዳር ዳሩ ላይ፣ ሣሩና ደንገሉ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች ያድጋል። ከዚያ ውሃው ውስጥ ይለቀቅና በቆዳ በኩል ይገባል። መዋጥ አያስፈልግም፤ እግርን ብቻ መንከር ይበቃል። ልጆች ዳር ላይ ሲንቦጫረቁ «ጥልቅ አይደለም፣ ችግር የለውም» ይባላል። አደጋው ያለው ግን እዚያው ጥልቅ ያልሆነው ዳር ላይ ነው።

ውሃው ከነካችሁ አትደንግጡ። ወዲያው በፎጣ አድርቁት። ከስድስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ተመርመሩ። በኪኒን የሚድን በሽታ ነው። የሚጎዳው ሳይታወቅ ለዓመታት ሲቀመጥ ነው።

ጉማሬም አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ነው፣ ማታ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል። ስለዚህ ከጨለመ በኋላ ሐይቁ ዳር ለዳር እየተናፈስን እንሂድ አትበሉ። መዋኘት የግድ ካላችሁ ላንጋኖ ወደ ደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እሁድ ከሰዓት ደርሳችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

ወፎቹን የት እናያለን?

ዓሣው የሚራገፍበት ቦታ። ባጃጁን «ወደብ» ወይም «ዓሣ መሸጫው» ካላችሁት ያውቀዋል።

ያቺን የመጀመሪያዋን ጠዋት ልንገራችሁ። ፀሐይ ገና ከደሴቶቹ ጀርባ ነበረች። ውሃው እንደ ወተት ሻይ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ሌሊቱን መረብ ጥለው ያደሩት አስጋሪዎች እየገቡ ነው። አንድ ጎረምሳ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያጸዳል። ቢላውን ከጅራቱ ወደ ራሱ ሲገፋው ቅርፊቱ ይበተናል፣ ክንዱ ላይ ተለጥፎ ያበራል። ሆድቃውን አወጣና ሳያይ ወደ ኋላው ወረወረው። ከኋላው አሥር የሚሆኑ አባ ኮዳዎች ተሰልፈው ቆመዋል። የሰው ደረት የሚደርስ ቁመት፣ መላጣ ራስ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ቀይ ከረጢት። አንዱ ቀለበው። ሌሎቹ ክንፋቸውን አርገፈገፉና መልሰው ዝም አሉ። ፔሊካኖቹ ደግሞ በውሃው በኩል ይመጣሉ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ከመንቁራቸው ሥር ያለው ቆዳ እንደ አቁማዳ ይሰፋል። ልጁን «አይነኩህም?» አልኩት። «አብረን ነው የምንበላው» አለኝ፣ ቀና እንኳን ሳይል።

ከነዚህ ሌላ ዓሣ በል ንስር አለ፤ ጩኸቱን ትሰሙታላችሁ። ቀጥ ብሎ አየር ላይ ቆሞ ወደ ውሃ የሚወረወረውን ባለ ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍም ፈልጉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ከአውሮፓ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ስለሚጨመሩ ይበዛላችኋል። የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር (ባይኖኩላር) ካላችሁ ያዙ፤ ከሌላችሁም ግድ የለም፣ አባ ኮዳው ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ዳቦ ወይም ብስኩት አትስጡት። ልጆችም ከመንቁሩ ራቅ ይበሉ።

ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። አስጋሪዎቹ ሌሊቱን ሠርተው የገቡ ናቸው። ሰላም ብላችሁ ብትጠጉ ጨዋታቸው ይጥማል።

ጀልባ እንዴት እንይዛለን?

በአንድ ቀን ቀድማችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወደቡ ሄዳችሁ ተነጋገሩ። ሞተር ጀልባ ያላቸው ሰዎች እዚያው አሉ። ስትነጋገሩ ይህን ለዩ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው? ደርሶ መልስ ነው? ደሴቱ ላይ ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? ነዳጅ ተካቷል? ግማሹን ስትነሱ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። ሰው በዛ ካላችሁ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ሆቴሉ ውስጥ ከሌሎች እንግዶች ጋር መዳበል ይቻላል።

የላይፍ ጃኬት ጉዳይ ላይ ግን አትደራደሩ። በሰው ቁጥር ልክ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ለልጅ በልኩ ከሌለ ልጁ አይሂድ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ አደራ እላለሁ። ደምበል ሰፊ ነው፣ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ አማካዩ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታም ዘጠኝ ሜትር አካባቢ። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲመታው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት መስታወት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ይሆናል። ይህን ሳላውቅ አንድ ጊዜ 8 ሰዓት ላይ ከጓደኞቼ ጋር ቱሉ ጉዶ ወደሚባለው ደሴት ተነሳን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ውሃው በጎን ይገባብን ጀመር። ጀልባ ነጂው አዞረው። ስንመለስ ሁላችንም ረጥበናል፣ አንዷ እህታችን ታለቅሳለች። ነጂው ያደረገው ትክክል ነበር። ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ፣ ከቀትር በፊት ተመለሱ።

የትኛው ደሴት ይሻላል?

አምስቱ ደሴቶች ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው። ጊዜ ወይም ገንዘብ ካነሰ፣ ወይም ልጆች ካሉ፣ ቀረብ ያሉትን ብቻ ዞራችሁ ወፍና ጉማሬ አይታችሁ ተመለሱ። ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃል።

ጠዋቱ ሙሉ ካላችሁ ግን ቱሉ ጉዶ። ትልቁና ሩቁ እሱ ነው፤ በሞተር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። እዚያ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። የአባቶች ትውፊት እንደሚለው፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሹ። ታቦቱ ለብዙ ዓመታት እዚህ ተሸሽጎ ቆየ፣ ሰላም ሲሆን ወደ አክሱም ተመለሰ። ይህን ታሪክ ደሴቱ ላይ ቆሞ ከአንድ ሽማግሌ አፍ መስማት ሌላ ነገር ነው። ከላይ ሆናችሁ ሐይቁን በአራቱም ማዕዘን ታዩታላችሁ። «ሰው ከአክሱም ሸሽቶ ለምን እዚህ ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ እዚያ ዳገት ላይ ሲቆም መልሱን ያገኘዋል። የሚመጣ ሰው ገና ከሩቁ ይታያል።

ደሴቱ ላይ የሚኖሩት የዛይ ሰዎች ናቸው። ቋንቋቸው ዛይኛ ሴማዊ ነው፤ ቅርብ ዘመዶቹ ሐረሪና ስልጥኛ ናቸው። አማርኛና ኦሮምኛም ይናገራሉ። ያርሳሉ፣ ያሰግራሉ፣ ይሸምናሉ። ድንጋይ እየካቡ በሠሩት እርከን ላይ እህል ይዘራሉ። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ታያላችሁ፤ አንድ ሰው ተቀምጦበት በቀዘፋ ሲሄድ ውሃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ብዙ ወጣት ሥራና ትምህርት ፍለጋ ወደ ከተማው ስለወጣ ደሴቶቹ ላይ የሚቀረው ሰው አንሷል። ስትሄዱ ሻይ የሚያፈላ ቤት ካገኛችሁ እዚያ ተቀመጡ። እንቁላል ቢሆን፣ የሽመና ሥራ ቢሆን ግዙ። ገንዘባችሁ እዚያው ደሴቱ ላይ ቢቀር ደስ ይለኛል።

ገዳሙ ሴት ያስገባል? ምን እንልበስ?

ደሴቱ ላይ ቤተሰብ ከነልጁ ይኖራል፤ ሴቶች ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሥርዓቱ በየትም እንደምታውቁት ነው፦ ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ፣ ሴቶች ረዘም ያለ ቀሚስ። ቁምጣ ለብሳችሁ ከመጣችሁ ነጠላው ያድናችኋል። የብራና መጻሕፍቱን ማየት ከፈለጋችሁ አባቶችን በትሕትና ጠይቁ፤ የሚያስፈልገውን ክፍያና ፈቃድ እነሱ ይነግሯችኋል። ፍላሽ አትጠቀሙ፣ እጃችሁን አታሳርፉበት። ኅዳር 21 የጽዮን በዓል ስለሆነ ምእመን ይበዛል። መንፈሳዊ ጉዞ ለሚፈልግ ያ ቀን ነው፤ ጸጥታ ለሚፈልግ ሌላ ቀን ይምረጥ። ዳገት አለ። እናታችሁን ይዛችሁ ከሆነ በጠዋቱ፣ በቀስታ፣ በዱላ።

ዓሣውስ?

ቆሮሶ እዘዙ። ሙሉውን፣ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ በዘይት ድርቅ ተደርጎ የተጠበሰውን። ሎሚና ዳጣ ይቀርባል። ሹካ አይሆንም፣ በእጅ ነው። በእጅ ሲሆን እሾሁም ይታወቃል። ፊሌቶ፣ ጉላሽና የዓሣ ዱለትም አለ፤ ለትንሽ ልጅ ፊሌቶው ይሻላል። አምባዛና ካርፕም ከሐይቁ ይወጣል፤ ሥጋው ወፈር ያለ ስለሆነ ለጉላሽ ይሆናል። ሾርባውን ጠዋት ጠጡት፣ ከጀልባ መልስ።

ጥሬውን በአዋዜ የሚበሉ አሉ። እኔ አልበላም፣ አልመክርምም፤ ጥሬ ዓሣ ተሐዋሲ ሊኖረው ይችላል። ትኩሱን ጥብስ የሚያህል የለም።

በጾም ዓሣ መብላት አለመብላት የሚያከራክር ጉዳይ ነው፤ እሱን ለንስሐ አባታችሁ ልተወው። የማውቀው፣ በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ያን ጊዜ ምሳ ቤቶቹ ስለሚሞሉ 5 ሰዓት ተኩል ላይ መቀመጥ ነው።

የወይኑን እርሻ መጎብኘት እንችላለን?

የካስቴል የወይን ተክልና ፋብሪካ ከተማዋ አጠገብ ነው፤ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉት ወይኖች ከዚህ ናቸው። ጉብኝት የሚሆነው ቀድሞ በመነጋገር ነው፣ ዝም ብሎ በር ላይ መቆም አያዋጣም። የአበባ እርሻዎቹ ደግሞ ለጎብኚ ክፍት አይደሉም። ከመንገድ የምታዩት ነጭ ላስቲክ ቤት አብዛኛው ውስጡ ጽጌረዳ ነው፤ ብዙው ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ለከተማው ሰው እንጀራ ሆኗል። በዚያው ልክ መስኖው በአብዛኛው የሚጠጣው ከዚህ ሐይቅና ከገባሮቹ ነው። ሐይቁ ውሃ የሚያገኘው በዋናነት ከመቂና ከቀታር ወንዞች ነው፣ የሚወጣው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢጃታ ሐይቅ። ላይ ሲጠለፍ ታች ይደርቃል፤ አቢጃታ የሸሸው በዚህም ጭምር ነው። ዳር ላይ እንቦጭ ካያችሁ እሱም ሌላው ሥጋት ነው። ይህን የምነግራችሁ ለመዝናናት የሄዳችሁበትን እንዳበላሽባችሁ አይደለም። ፕላስቲካችሁን ግን መልሳችሁ አምጡ።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ። ሰማዩ ጠርቷል፣ ወፉ ሞልቷል፣ ሙቀቱ ይቻላል። መጋቢትና ሚያዝያ ይሞቃል። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት ይዘንባል፣ ወደ ወደቡ የሚወስደው መንገድም ይጨቀያል፤ ሆቴል ግን ይረክሳል። ታኅሣሥና ጥርም ቢሆን ንጋት ላይ ውሃው ላይ ይበርዳል። ሹራብ አትርሱ።

ከውጭ አገር የመጡ ቤተሰቦች ይዘን ነው። የተለየ ነገር አለ?

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለሁለት ሳምንት የመጣ ዘመድ ብዙ ጊዜ ከግብዣ ግብዣ ሲዞር ያልቅበታል። ለእሱ ዝዋይ ጥሩ ነው፤ ቅርብ ስለሆነ ፕሮግራሙን አያዛባም። ጥሬ ብር ይያዝ፤ ጀልባ ነጂው ካርድ አይቀበልም። ቴሌብር ከተማው ውስጥ በብዙ ቦታ ይሠራል፣ ደሴት ላይ ግን አትተማመኑበት። ውጭ አገር ለተወለዱ ልጆች ቢልሃርዚያውን ቀድማችሁ አስረዷቸው፤ ሐይቅ አይተው ዘለው የሚገቡ እነሱ ናቸው።

እሁድ ስንት ሰዓት እንመለስ? ዓሣ ይዘን መምጣት እንችላለን?

ከዝዋይ 8 ሰዓት ላይ ተነሱ። ከዚያ ካለፈ ከላንጋኖና ከሐዋሳ የሚመለሰው ሁሉ ይደርስባችኋል፣ ቱሉ ዲምቱ ክፍያው ጋ ሰልፉ ይረዝማል።

ዓሣ ይዛችሁ ለመምጣት ከቤት የበረዶ ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ስታስቡት አታገኙትም። ከወደቡ በጠዋቱ ግዙ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ምረጡ። ሆዱን እዚያው አስጸዱት። ሆቴሉ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡላችኋል፣ ጠይቋቸው። ልትነሱ ስትሉ በረዶ ላይ ደርድሩት፣ ላዩንም በበረዶ ሸፍኑት። ሳጥኑን ከሻንጣው ሥር አትቅበሩት፤ ማታ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነው።